ከኮሎኔል ማዕዘን የተቆረጠ ሣር

ቅዳሜ ጠዋት መፋቂያዬን ጥርሴ መሃል እንደያዝኩ ወደ ውጭ ብቅ ስል፣ ሁለት ወጣቶች ካሬታዬ ላይ ተንበርክከው አገኘኋቸው። ካሬታ ማለት ከቤት ፊት ለፊት የምትዘረጋው ሣር ሜዳ ናት፤ እኛ ዘንድ የሰው ልክ የሚታወቀው በእሷ ነው። ሳሎንህ ውስጥ የፈለግከውን ሶፋ ደርድር፣ ካሬታህ ከተራቆተ እንግዳው ገና ከበር ሳይገባ ጨርሶሃል። የእኔን ካሬታ ያላየ ደግሞ ሣር አይቻለሁ ብሎ ባያወራ ይሻለዋል። ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ፣ ኧረ ለምን አሳንሳለሁ፣ እስከ ሞያሌ ድረስ እንደሷ ያለ ሰርዶ አልበቀለም። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ አብራሪው ፍጥነት ቀንሶ እንደሚያያት በድምፁ አውቃለሁ። እና በዚህች ካሬታ ላይ ነው ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ ጓንት ያጠለቁ ልጆች በትንሽ ማንኪያ አፈር እየጫሩ ፌስታል ውስጥ የሚከቱት።

ከሁለት ሳምንት በፊትም መጥተው ነበር። ያን ዕለት እኔ ጎማ ቤቴ ነበርኩ፤ ጎሚስታ ነኝ፣ በደቡብ አስፋልት ላይ የሚሽከረከር ጎማ ሁሉ አንድ ቀን በእጄ አልፏል። ፈቅዳ ያስገባቻቸው ባለቤቴ ጣፈጠች ናት። ከሰፈሩ ግቢዎች ሁሉ ትንሽ ትንሽ ጨልፈው «ለዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው» ብለው ሄዱ፤ እኔም ረስቼው ነበር።

«ምነው ልጆች፣ አፈሬ ጣማችሁ እንዴ?» አልኳቸው።

«እንደምን አደሩ አባባ» አለች ሴቷ ቀና ብላ፤ ኤደን ትባላለች። «ከዚህ ማዕዘን ድጋሚ ናሙና እንድንወስድ ተብለን ነው።»

«አባባ» ያለችኝን ይቅር አልኳት። ገና ሃምሳን የረገጥኩ ጎረምሳ ነኝ፤ ትምህርት የበዛበት ሰው ዓይኑ ይደክማል። «ከሌሎቹም ግቢዎች ድጋሚ ትወስዳላችሁ?»

«አይ፣ ከእርስዎ ብቻ ነው» አለ ማቲ የሚባለው ጓደኛዋ ፌስታሉን እየቋጠረ። «ነገሩ ሲረጋገጥ መጥተን በደንብ እናስረዳዎታለን።»

ከእኔ ብቻ! እነሱ ከበር ሳይወጡ እኔ ዳሞታ ተራራ ጫፍ ላይ ደርሼ ነበር። ከሰፈሩ ግቢ ሁሉ ተለይቶ ሁለት ጊዜ የሚወሰድ አፈር ምን ዓይነት አፈር ነው? የማዳበሪያ ዋጋ ገበሬውን በሚያስለቅስበት በዚህ ዘመን ሳይንስ ራሱ መጥቶ እኔ ደጃፍ ይንበረከካል። ለጣፈጠች ልነግራት ወደ ጓሮ ሄድኩ። ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ያን ዕለት እኔን የጠየቁኝ ስለ አፈሩ አይደለም» አለችኝ። «ውሻው የትል መድኃኒት ወስዶ ያውቃል ወይ፣ ሌሊት ጅብ ይገባል ወይ፣ ነው ያሉኝ።»

«ኮሎኔልን አይቶ ሳይጠይቅ የሚያልፍ ማን አለ? ጅቡም ቢሆን ከዳሞታ ድረስ የሚወርደው እዚህ ቤት የሚበላው ሥጋ አጥንቱ ስለሚጥመው ነው።»

ጣፈጠች ሸሚዜን ሁለት ጊዜ አራግፋ ገመዱ ላይ ጣለችው። ከእኔ ጋር ስትከራከር የምትናገርበት ቋንቋ ይኸው ነው።

ኮሎኔል ውሻዬ ነው። አንበሳ ያህላል ብል ብዙ ሰው አይቀበለኝም፤ ስለዚህ ጥጃ ያህላል እላለሁ። የሚተኛው፣ የሚፀዳዳውም፣ በካሬታዬ የላይኛው ማዕዘን፣ ከአጥሩ ሥር ነው። ሌሊት ጅቡ በአጥሩ ቀዳዳ እየሾለከ አጥንት የሚቆረጥመውም እዚያው ነው። የሰፈሩ ድመት ሁሉ የሚቆፍረውም እዚያው። እና ልብ በሉ፣ በካሬታዬ ውስጥ ሣሩ ከሁሉ የሚለመልመው፣ ጥቁር እስኪመስል አረንጓዴ የሚሆነው፣ በዚያ ማዕዘን ነው። ልጆቹ ሁለተኛ የጫሩትም ከዚያው ማዕዘን ነበር። አንድ ጭንቅላት ያለው ሰው ይህን ሁሉ ደምሮ ምን ይላል? እኔ ያልኩትን ይላል። አካፋ አነሳሁ።

በዚያ ቀን ከሰዓት የልጄ የቤቲ አማት የአቶ ገበየው ቤት ይመረቅ ነበር። ገበየው አባቱ ከጉራጌ አገር ሚስማር ተሸክመው መጥተው እዚህ ሱቅ የከፈቱ፣ እሱ ደግሞ ሱቁን ወደ ቆርቆሮ መጋዘን ያሳደገ ሰው ነው። አዲሱ ቤት ፎቅ ነው፤ ሴራሚኩ ላይ ስትራመድ ራስህን ከታች ታየዋለህ፤ ደረጃው ከሐዋሳ የመጣ እብነ በረድ ነው። ግን ፊት ለፊቱ ቀይ አፈር ብቻ። ገበየው ኮብልስቶን ላንጥፍ ብሎ ነበር፤ ሚስቱ ወይዘሮ ፈጠነች «ወላይታ ላይ ቤት ሠርተን ካሬታ ሳይኖረን? ሽማግሌ ምን ላይ ቆሞ ይመርቀናል? ልጅቷስ ምን ላይ ትቀመጣለች?» ብላ አስተወችው። ወጉ እንዲህ ነው፤ ቤት ሲመረቅ ሽማግሌዎች ካሬታው ላይ ቆመው ይመርቁና የቤቱን ትንሽ ልጅ ሣሩ ላይ ያስቀምጧታል። ያን ቀን የምትቀመጠው ሚስጥር ነበረች፤ የቤቲ ልጅ፣ የእኔ የልጅ ልጅ፣ አንድ ዓመት ሊሞላት ትንሽ የቀራት። ፈጠነች ለሣሩ ሰው ስታፈላልግ ነበር የሰነበተችው። አሁን ገባችሁ?

ሣሩን ከነአፈሩ እየፈነቀልኩ እንደ ምንጣፍ ጠቀለልኩት፤ ሁሉንም ከኮሎኔል ማዕዘን። ከባጃጁ ኋላ እስከ ጣሪያው ጫንነው፤ ሹፌሩ ደገፉ ጎኑን ይዞ አየው። «ሳሮ፣ ሰላም ነው ጋሽ ጦና፣ ሙሽራ ጭኜ አውቃለሁ፣ በግ ጭኜ አውቃለሁ፣ ግቢ ስጭን የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። «ለአፈር ስንት ነው የማስከፍለው? ሰው ቢሆን በራስ እቆጥረው ነበር።» ይህ አፈር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሁለት ጊዜ የተመረቀ ነው፣ በተማሪ ሒሳብ አስከፍለው ብዬው ሳቀ፤ ያስከፈለኝ ግን የሙሽራ ነው።

ፈጠነች ሣሩን ስታይ እልል አለች። እውነቱን ልናገር፣ እልልታዋ ቤሌ ከተማ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ዘረጋነው፣ ውኃ አጠጣነው፣ ቀዩ ምድር በአንድ ሰዓት ውስጥ ገነት ሆነ። ገበየው ጫማውን አውልቆ በካልሲ ቆመበት። እኔም ለድንኳን ተካዩም፣ ለሥጋ ቆራጩም፣ ወንበር ለሚያወርዱትም፣ ይህ አፈር በሳይንስ የተመረጠ መሆኑን አስረዳሁ፤ ስጀምር ከሶዶ ነበር የተመረጠው፣ ስጨርስ ከኢትዮጵያ። ቤቲ ሚስጥርን በክንዷ ይዛ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ልጄ ከተዳረች ወዲህ አማቶቿ ፊት መናገር ስጀምር ጣሪያ ታያለች። ያን ቀን በረንዳው ገና ኮርኒስ አልተሠራለትም፣ እሷ ግን የሆነ ነገር እየቆጠረች ይመስል ቀና ብላ ቀረች። እኔና እሷ መሃል ያለው ዝምታ እንዲህ ነው፤ አትነቅፈኝም፣ አትስቅልኝም፣ ወደ ላይ ታያለች።

በምሳ ሰዓት ልብስ ልቀይር ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ቁርጥ ቤት ጎራ አልኩ። ምርቃቱ ላይ በሬ እየታረደ ምን ቁርጥ ቤት ያስገባሃል ትሉኝ ይሆናል፤ ወሬው ስለሞላኝ ነዋ። ጣፈጠች ወጥ ቤት ልትረዳ ቀድማ ወደ ምርቃቱ ሄዳለች፤ ወሬ ይዞ ወደ ባዶ ቤት መሄድ አይቻልም። ግማሽ ኪሎዬን ከዳጣው ጋር አስቀርቤ፣ ቢላዋዬን እንደ ዱላ እያወዛወዝኩ፣ ለሞላው ቤት ከሀ እስከ ፐ ተረክኩላቸው። ልክ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ራሱ ሊመጣ ነው ከምለው ቦታ ስደርስ ኤደንና ማቲ ሽሮ ሊበሉ ገቡ። እግዚአብሔር ምስክር ልኮልኛል ብዬ ተነሳሁ።

«ይኸው መጡ! እስቲ ልጄ ንገሪያቸው፤ ከዚያ ሁሉ ግቢ የእኔን ብቻ ለምን መረጣችሁ?»

ኤደን ማቲን አየችው። «አባባ፣ ውጪ ወጣ ብለን ብናወራ አይሻልም?»

«የምደብቀው ነገር የለኝም! ጮክ ብለሽ!»

«እሺ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ አለ። «የምናጠናው በአፈር ውስጥ ያለ የትል እንቁላል ነው። ከውሻ፣ ከድመት፣ ከጅብና ከቀበሮ ዓይነ ምድር ጋር አፈር ላይ ይወድቃል። በከተማው ብዙ ቦታ አግኝተነዋል፤ ግን የእርስዎ ማዕዘን ከሁሉም በጣም በዛብን፣ ስሕተት የሠራን መሰለንና ዛሬ ደግመን ወሰድን። አሁን በማይክሮስኮፕ አይተነው ነው የመጣነው። ስሕተት አይደለም።»

አንዱ ከጥግ «ጋሽ ጦና፣ እንቁላሉን በካርቶን ነው የምትሸጠው?» አለ። ሣቁ ጣሪያውን አነሳው። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ እንዲያውም አንደኛ መውጣት አንደኛ መውጣት ነው፣ እናንተስ በምን አንደኛ ወጥታችሁ ታውቃላችሁ ብዬ ልመልስ አፌን ከፍቼ ነበር። ከዚያ በፊት ግን እንዲያው ለወሬ ያህል ጠየቅኋት። «እኔ ስንት ዓመት ተኝቼበታለሁ፣ ምን አደረገኝ? ማንን ይጎዳል ይህ ነገር?»

«ይበልጥ የሚያሰጋን ለሕፃናት ነው። አፈር የነካ እጃቸውን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። እንቁላሉ ሆድ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ትሏ ጉበትና ሳንባ ውስጥ ትዞራለች። አንዳንዴ ዓይን ውስጥ ትገባለች።»

«ዓይን ውስጥ?»

«ብዙ ጊዜ አይደለም። ግን የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ያጡ ልጆች አሉ።»

ቢላዋውን አስቀመጥኩ። ስለ ሚስጥር ዓይኖች እስካሁን አላወራሁላችሁም፤ ሳላወራላችሁ የቀረሁት ስለ እነሱ ሳወራ የማጋንን ስለሚመስለኝ ነው። ያገኘችውን ሁሉ መጀመሪያ በዓይኗ ትውጠዋለች፣ ከዚያ በአፏ። ባለፈው ሳምንት የገበየው የመጋዘን ቁልፍ ጠፍቶ ሠራተኛ ሊባረር ሲል ከጉንጯ ውስጥ ነው የወጣው። ይህች ልጅ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በክብር፣ በጭብጨባ፣ በሽማግሌ ምርቃት፣ ኮሎኔል ማዕዘን ላይ ልትቀመጥ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። ሥጋዬን ትቼ ተነሳሁ። በሕይወቴ ቁርጥ ሳልጨርስ የተነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የሥጋ ቤቱ ባለቤት የሞተብኝ ሰው ያለ መስሎት ነጠላውን አነሳ።

ኤደን እስከ በሩ ተከተለችኝ። ሣሩን ከነአፈሩ አንስቼ ልጅና ውሻ የማይደርስበት ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እንድቀብረው፣ የነካ ሁሉ በሳሙና እንዲታጠብ፣ ኮሎኔልም መድኃኒት እንዲወስድ እየሮጥኩ ነገረችኝ። ቤቲ ጋ ደወልኩ፣ አታነሳም። ባሏ ባሮክ ጋ ደወልኩ፣ አያነሳም። በዚያ ድምፅ ማጉያ ሥር ሆኖ ስልክ የሚሰማ ጆሮ የለም። ደገፉ ባጃጁን ተደግፎ ሸንኮራ ይግጥ ነበር። «ንዳ!» አልኩት። «ደግሞ ግቢ ልንጭን ነው?» አለኝ። አዎ፣ ያንኑ ግቢ፣ ወደ ኋላ! ባጃጁ ያን ቀን የበረረውን መብረር ያየ ሰው ባጃጅ ክንፍ የለውም አይልም። አንድ አህያ ጋሪ፣ አንድ የሠርግ መኪናና አንድ የትራፊክ ፖሊስ በአየር ላይ አልፈናል።

ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ድንኳኑ ተተክሏል፣ ሙዚቃው መስኮት ያንቀጠቅጣል፣ የበሬው ጎድን ተሰቅሏል፣ ሚስጥር ነጭ ቀሚስ ለብሳ በፈጠነች ጎን ላይ ተሰክታለች። ካሬታው መሃል ባዶ ነው፤ ለእሷ ተጠብቆ። እውነቱን እዚያው ልናገር ይገባኝ ነበር፤ ግን ገበየው ያን ሁሉ እንግዳ ይዞ «የአማቼ ሣር!» እያለ ሲያስጎበኝ ሳይ ምላሴ በለመደችው መንገድ ሄደች። ጎትቼ ወደ ጥግ አወጣሁት። «ገበየው ወንድሜ፣ ሣሩ መመለስ አለበት። ዩኒቨርሲቲው ለአዲስ አበባ ኤግዚቢሽን ፈልጎታል። መኪና እየመጣ ነው።»

የገበየው ፊት በራ። «ለኤግዚቢሽን? የእኔ ካሬታ?»

«አዎ፣ ስለዚህ አሁኑኑ...»

«ታዲያ እዚህ መጥተው ይዩዋ! መኪናውንም በሥጋ እንቀበለዋለን!» ብሎ ማይክ ያዘና ለእንግዳው ሁሉ አወጀ። ያን ጊዜ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፣ ግን አንድም አልጨመርኩበትም። ሰው ከወንበሩ ተነሳ። ከቤሌ የመጣ አንድ ዘመድ ተንበርክኮ አፈሩን በመዳፉ አሸተተና «ለእንሰቴ ይሆነኛል» ብሎ እፍኝ ኮቱ ኪስ ውስጥ ጨመረ። ከሁምቦ የመጡ አንድ ሽማግሌ በቆሎአቸው ሦስት ዓመት በፀሐይ እንዳረረባቸው ተናግረው መሐረብ ዘረጉ። ሴቶቹ የሣሩን ጫፍ እየቆነጠሩ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። በዚያው እጅ ደግሞ ጥሬ ሥጋ ሊጎርሱ ነው! አንድ ውሸት አውርቼ የኮሎኔልን ማዕዘን ለግማሽ ዞኑ አከፋፈልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ነው። ሽማግሌዎቹ ልብሳቸውን አስተካክለው ተነሱ። ፈጠነችን በክንዷ ይዤ ወደ በረንዳው ሳብኳት፤ ቤቲም ተከተለችን። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አንድም ቃል ሳልጨምር፣ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ነገርኳቸው፤ ለዓይን የማይታይ እንቁላል፣ ከውሻ የወረደ፣ ልጅ ብትውጠው የሚፈለፈል፣ ዓይን ውስጥ ሊገባ የሚችል።

ፈጠነች እስኪያስላት ሳቀች። «የቤቲ አባት! አንተ የምትለውን እኛ ቤት ለአሥር አካፍለን ነው የምንሰማው። ጎማ ቤቴ ሃያ ሠራተኛ አለ ብለህ ስትመጣ ሁለት ነው ብለን ነው ልጅህን የጠየቅነው፤ ሁለት ሆኖ ተገኘ። አሁን ደግሞ የማይታይ ነገር አለ ትለኛለህ። የማይታይ ነገር ለአሥር ሲካፈል ምን ይቀራል? ምንም!»

«የባሮክ እናት፣ እውነቴን ነው።»

«ሣሩ ሲደነቅ አሳሳህ አይደል? አይመለስም!»

ወደ ቤቲ ዞርኩ። «ቤቲዬ፣ አንቺ ታውቂኛለሽ» አልኳት። አዎ፣ ታውቀኛለች፤ ችግሩ እሱ ነው። ወደ ላይ፣ ወዳልተሠራው ኮርኒስ አየች። በዕድሜዬ ሙሉ የተናገርኩት ቃል ሁሉ በዚያች ደቂቃ በጀርባዬ ተሰልፎ ሲስቅብኝ ተሰማኝ። ፈጠነች ሚስጥርን በረንዳው ሴራሚክ ላይ አስቀምጣ ቀሚሷን አስተካከለችላትና ሽማግሌዎቹን ልትጠራ ዞረች።

ያን ጊዜ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች ለአሥር ያካፍላሉ። እኔ ደግሞ እውነቱን ራቁቱን ነው ያቀረብኩላቸው፤ ሲካፈል ምን ሊተርፍ? ሮጬ የቢራ ሳጥን ላይ ወጣሁና ማይኩን ከገበየው እጅ ነጠቅኩ።

«ወገኖቼ!» አልኩ፤ ድምፅ ማጉያው ፉጨት አወጣ። «ከዚህ ሣር ሥር ክንድ የሚያህል ትል አለ! ሺህ አይደለም፣ መቶ ሺህ ነው! እንቁላሉ የሰጎን ያህላል! ያወረዱት የእኔ ውሻና የዳሞታ ጅብ ናቸው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲው አውሮፕላን በሚያህል ማጉያ አይቶ ሦስት ፕሮፌሰር ራሱን ስቶ ወደቀ! አፈሩን የነካ እጅ አፍ ውስጥ ከገባ ትሉ ጉበትን እንደ ቁርጥ ይቆርጣል! የልጅ ዓይን ውስጥ ገብቶ ፎቅ ይሠራል!»

ሙዚቃው ቆመ። ሰው ሁሉ እንደሚያስብ ሰው አንገቱን ዘመም አደረገ። መጀመሪያ የተናገረው ገበየው ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በሱቅ ውስጥ ሲያሰላ የኖረ ነው። «ክንድ ካለ ጣት ነው» አለ።

«ጣትም ባይሆን ክር አያንስም» አለ የቤሌው ሰውዬ፤ እጁ ኮቱ ኪስ ውስጥ እንዳለ።

«የሰጎን ካለ የቅማል ነው» አሉ የሁምቦው ሽማግሌ መሐረባቸውን ቀስ ብለው ከራሳቸው እያራቁ። «የቅማል እንቁላልም እኮ እንቁላል ነው።»

«ፕሮፌሰሮቹን ተዉአቸው» አለች ፈጠነች፤ ፊቷ ተለዋውጧል። «ፎቁንም ተዉት። ግን ውሻው የሌለበትን ነገር ውሻዬ ነው አይልም። ለዚያ ውሻ ስንት ዓመት ምሎለታል! ኮሎኔልን ከሰደበው...» እኔ ሳጥኑ ላይ ቆሜ ሒሳቡ ከፊት ወደ ፊት ሲዞር እያየሁ ነበር፤ ሲያልቅ ኤደን ቁርጥ ቤት ውስጥ ከነገረችኝ ጋር እኩል መጣ።

ሁሉም በአንድ ጊዜ «ልጅቷ!» አሉ።

ሚስጥር በረንዳው ላይ አልነበረችም። ሁላችን ስናካፍል እሷ በአራት እግሯ እየዳኸች የደረጃው የመጨረሻ እብነ በረድ ላይ ደርሳለች፤ ሣሩ ከፊቷ አንድ ስንዝር ነው። ቤቲ እንዴት እንደደረሰች አላየሁም፤ የጫማዋ አንድ እግር በረንዳው ላይ ቀርቷል። ልጅቷን ከመሬት ስታነሳት ግን ሚስጥር የቀኝ እጇን ጨብጣለች፤ ጥብቅ አድርጋ፣ ወደ አፏ እየወሰደች። ቤቲ እጇን ያዘች። ሚስጥር አልከፍትም አለች። ባሮክ አባበላት፣ ፈጠነች በእግዚአብሔር ስም ለመነቻት፣ ገበየው የመጋዘን ቁልፉን አሳያት። እኔ ሳጥኑ ላይ ነበርኩ፤ ማይኩ አፌ ሥር ነበርና ትንፋሼ በድምፅ ማጉያው ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ቤቲ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈለቀቀቻቸው።

ዳቦ ነበር። የድፎ ዳቦ ፍርፋሪ፣ ከላብ ጋር ተለውሶ።

እንደዚያ ያለ እልልታ ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ የጠዋቱ የፈጠነች እልልታ ከዚህ አጠገብ ሹክሹክታ ነው። ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን እዚያው ደረጃው ላይ ጀመሩት። ከዚያ ግርግሩ ተነሳ። የቤሌው ሰውዬ ኪሱን ገልብጦ ኮቱን ሁሉ አወለቀ፤ ሴቶቹ ቦርሳቸውን ያራግፋሉ፤ አንዷ ሊፕስቲኳን ጭምር ጣለች። ገበየው ካልሲውን በሁለት ጣት ይዞ የት እንደሚጥለው ጠፍቶት ይዞራል። ጄሪካን በጄሪካን ላይ መጣ፣ ሳሙና ከአዲሱ መታጠቢያ ቤት ከነማስቀመጫው ወጣ፣ ሰው ሁሉ እስከ ክርኑ አረፋ ሆነ። ሥጋ ቆራጩ ቢላዋውን አንስቶ «ታጥቦ ያላሳየኝ ሰው አይጎርስም!» እያለ መዳፍ ይመረምራል። ሙዚቃው ተመልሶ ተከፈተ፤ ሰዉ እየታጠበ ጨፈረ፣ እየጨፈረ ታጠበ። ከዚያ በፊት እንዲህ የደመቀ ምርቃት ሶዶ አይታ ታውቃለች የሚል ካለ ይምጣ።

እኔ ግን ሙሉ ልብሴን እንደለበስኩ ሣሩን መጠቅለል ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም፤ ማንም ደግሞ አልከለከለኝም። ሁለተኛውን ጥቅል ላነሳ ስል ቤቲ አጠገቤ ቆማ አገኘኋት። ሁለት ፌስታል ይዛ ነበር፤ አንዱን በቀኝ እጄ፣ አንዱን በግራ እጄ አጠለቀችልኝና አንጓዬ ላይ በክር አሰረችው። ክሩን ስታስር ጣሪያ አላየችም፤ ክሩን ነበር የምታየው። ጥቅሎቹን ገበየው ለሽንት ቤት አስቆፍሮት፣ ቦታው አልተመቸኝም ብሎ የተወው ጉድጓድ ውስጥ ከተትናቸው። የጉድጓዱን ጥልቀት አልነግራችሁም፤ ብቻ የወረወርኩት ሣር ሲያርፍ ድምፁን ለመስማት ትንሽ ጠበቅሁ። ገበየው ራሱ አካፋ ይዞ አፈር መለሰበት፣ ድንጋይ ጨመረበት፣ ከዚያ አንድ የቆርቆሮ ቁራጭ ከደነበት። «አማቼ» አለኝ ላቡን እየጠረገ፣ «ኮብልስቶን ብዬ ነበር።» ጎን ለጎን ቆመን ቆርቆሮውን አየን።

ስንመለስ ፈጠነች ማስታጠቢያ ይዛ ጠበቀችኝ። የልጅህ አማት፣ በአዲስ ቤቷ ምርቃት ቀን፣ በጥበብ ልብሷ ጎንበስ ብላ ውኃ ስታፈስልህ ምን እንደሚሰማ የደረሰበት ያውቃል። ታጠብኩ። ሳሙናውን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «እንደገና» አለች። ታጠብኩ። «ጥፍርህን» አለች። ጥፍሬ ውስጥ የሃያ አምስት ዓመት የጎማ ጥቁር አለ፤ እሱን ያን ቀን ለማስለቀቅ የሞከረች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። ሦስተኛ ስትል ቆዳዬ እየሳሳ ሄዶ ማዶው ይታይ ነበር። ከዚያ ማስታጠቢያውን አስቀምጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ እጆቼን አደረቀችና፣ ሳታስጠነቅቀኝ ሚስጥርን አንስታ ጭኔ ላይ አስቀመጠቻት። ሰው ሁሉ ያየን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ዓይኖቿ ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሚስጥር ያገኘችውን ክፍት ነገር ሁሉ ሳትፈትሽ ስለማታልፍ ቀኝ እጇን እስከ አንጓዋ አፌ ውስጥ ሰደደች።

ጡጫዋን በከንፈሬ ይዤ ቀና አልኩ። «የኧሷንሽ ኧጅ» አልኩ እንደምንም፣ «ማን ነው ያጠበው?»

ፈጠነች ቤቲን አየቻት። ቤቲ ባሮክን አየችው። ባሮክ አባቱን አየው። ገበየው እንግዳውን አየ። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ሳይሆን በአንድ ጊዜ፣ እየተጋፉ፣ ወደ ጄሪካኑ ሮጡ።